የሰባት ሰከንድ ከበሮ

ክረምቱን የልጅ ልጄ ከለንደን መጥቶ እኛ ዘንድ ከረመ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ዝናብ በያዘ ቁጥር ሶፋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ሲነካካ ይውላል። አያቱ "ይሄ ልጅ ዓይኑን ሊያጠፋ ነው" ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። ልጅ በሚወደው ነገር ላይ መጮህ ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማዳመጫው ባትሪ አለቀና ድምፁ ሳሎኑን ሞላው። ከበሮ ብቻ ነው። ፈጣን፣ የተቆራረጠ፣ እየተንደረደረ መጥቶ ሊያልቅ ሲል እንደገና ከመጀመሪያው የሚነሳ ከበሮ። የቡና ሲኒ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ይቅርታ አባባ" ብሎ ሊዘጋው ሲል፣ "ተወው፣ ይጫወት" አልኩት።

"ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ። ለንደን ተወልዶ ስላደገ አንቱታ አልለመደም፤ እኔም በዚህ አላስቸግረውም።

አውቀዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ እናቱ የእሱ እኩያ ሳለች፣ ይህንኑ ከበሮ ከካሴቷ ውስጥ በጣቴ ጎልጉዬ አውጥቼ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ለልጁ ያን ቀን አልነገርኩትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ጆሮውን ደፍኖ የሚውል ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በየቤታችሁ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባለቤቴና ከአንዲት ልጃችን ጋር ለንደን በስደት ገባን። ምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ በሚባለው ሰፈር ቤት ተሰጠን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ሚኒካብ መንዳት ነው። ያኔ ሥራው እንደ ዛሬው ፈቃድና ምርመራ አልነበረበትም። መኪና ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ የታክሲ ቢሮ ጋር ይስማማል፣ መገናኛ ሬዲዮ ይሰጡታል፣ ይነዳል።

ጥሩ ገቢ የሚገኘው ቅዳሜ ሌሊት ለእሁድ አጥቢያ ነበር። ደንበኞቼ ወደ ሬቭ የሚሄዱና ከሬቭ የሚመለሱ ወጣቶች ናቸው። ሬቭ ማለት በመጋዘን፣ በሜዳ ወይም በትልቅ ክለብ ውስጥ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆኖ በማሽን በተሠራ ሙዚቃ እስኪነጋ መጨፈር ነው። ጎህ ሲቀድ በላብ ርሰው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የውሃ ጠርሙስ ታቅፈው ይወጣሉ። መኪናዬ ቪክስ ቪክስ ይሸት ነበር። እኛ ጉንፋን ሲይዘን የምንቀባውን ቪክስ እነሱ ለደስታ ያሸቱታል። ሰካራም ጭኜ አውቃለሁ፤ እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። አይሳደቡም፣ አይደባደቡም። ስሜን ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ሲወርድ አቅፎኝ ይሄዳል። ያኔ አብደዋል ነው ያልኩት።

ልጄ በበኩሏ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ራፕ ነበር የምትሰማው። የክፍሏ ግድግዳ በአሜሪካ ራፐሮች ፎቶ ተሞልቶ፣ ሱሪዋ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሆኖ፣ እናቷ ስትቆጣ፣ እንዲህ እያልን ጥቂት ዓመት አለፈ። አሥራ ሰባት ሲሞላት ራፑ ቀነሰና ይህ የሚሮጥ ከበሮ መጣ። ከፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና ተክለው ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ላይ በካሴት ትቀዳለች። እኔ ራፑንና ሬቩን እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ነበር የማያቸው። ለእናቷ "አንዱ ሳይለቃት ሌላው ያዛት" እላት ነበር።

በ1994 አንድ እሁድ ንጋት ላይ ሦስት ልጆች አንድ ጓደኛቸውን ደግፈው መኪናዬ ውስጥ አስገቡት። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። "ምን ሆኖ ነው?" ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ አንደኛዋ "ክኒን ወስዶ ነው" አለችኝ። ቀይ መብራት እየጣስኩ ድንገተኛ ክፍል አደረስኩት። ሁለት ነርሶች ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተውት እየሮጡ ገቡ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። ጓደኞቹ ሂሳብ ሊከፍሉኝ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ትቻቸው ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ልጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። ከቴፑ ያው ከበሮ ይወጣል። እሷ ያን ሌሊት የትም አልሄደችም፤ አልጋዋ ላይ ነው ያደረችው። እኔ ግን ፊቴ ላይ የነበረው ያ ልጅ ነው። ካሴቱን ከቴፑ ውስጥ ነቅዬ ቡናማ ክሩን ጎለጎልኩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሌላውን። ከዚያ ክፍሏ ገብቼ የቀሩትን። አሥራ አንድ ካሴት። አብረው የተቀመጡ የሬቭ በራሪ ወረቀቶች ነበሩ፤ አንዱን ስቀድ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለምና ዘውድ የጫነ አንበሳ አየሁ። ባንዲራዬን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ለጠፉት ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ።

አላለቀሰችም። "አባዬ፣ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅከኝም" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳሯ፣ ስለ ልጇ ብዙ አውርተናል። ስለ ሙዚቃ ግን አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም።

እንግዲህ ያልጠየቅኳትን ጥያቄ በሠላሳ ዓመቱ ለልጇ ጠየቅኩት። "ይህ ከበሮ ከየት መጣ?" አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ አስረዳኝ። ከዚያ እኔም በፈንታዬ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። በ1973 ዓመተ ምሕረት፣ ኦገስት 11 ቀን፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ጭፈራ አዘጋጀች። ቦታው የሚኖሩበት ሕንፃ፣ ሴድጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ የነዋሪዎች መዝናኛ ክፍል ነው። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሙዚቃውን የሚያጫውተው የ18 ዓመቱ ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ኋላ ዓለም ዲጄ ኩል ኸርክ ብሎ ያወቀው። ቤተሰቡ ከጃማይካ፣ ከኪንግስተን የመጣ ስደተኛ ነው። የድምፅ መሣሪያው ደግሞ የአባትየው። ይህንን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሂፕሆፕ የተባለው ነገር ጠመንጃና ወንበዴ ካለበት ቦታ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ እህት ያዘጋጀችው፣ ወንድም ያጫወተው፣ አባት ዕቃ ያበደረው የሰፈር ግብዣ ነው።

ኸርክ አንድ ነገር አስተውሏል። ጨፋሪዎቹ በጉጉት የሚጠብቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ፣ ሌላው መሣሪያ ሁሉ አርፎ፣ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ነው። ያ ቦታ ግን ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ወዲያው ያልፋል። ስለዚህ የአንዱን ዘፈን ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያስቀመጠ፣ የከበሮው ቦታ በአንዱ ሲያልቅ በሌላው ያስነሳው ጀመር። እንዲህ እያቀያየረ ጥቂቱን ሰከንድ ደቂቃዎች አደረገው። ብሬክ ዳንስ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከበሮው ብቻውን ከሚቀርበት ቦታ ነው፤ ብሬክ ይሉታል። በከበሮው ላይ በማይክሮፎን ሰው የሚያሟሙቁት ደግሞ እያደር ራፐር ሆኑ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ግን ከዚያው አካባቢ የተነሱ ናቸው። በ1982 ከብሮንክስ ልጆች "ፕላኔት ሮክ" የሚባል ሙዚቃ ወጣ። የራፕ ሥራ ነው፤ ዜማው ግን የተወሰደው ክራፍትወርክ ከሚባሉ ጀርመኖች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ ከበሮው ደግሞ ሮላንድ 808 ከሚባል የጃፓን ማሽን። የብሮንክሱ ተወላጅ ፍራንኪ ናክልስ በበኩሉ ወደ ቺካጎ ሄዶ ዌርሃውስ በሚባል ክለብ ያጫውት ነበር፤ "ሃውስ" የሚባለው የሙዚቃ ስም ከዚያ ክለብ ስም የተቆረጠ ነው። ዲትሮይት አጠገብ ቤልቪል በሚባል ከተማ አብረው የተማሩ ሦስት ጥቁር ወጣቶች፣ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳንደርሰን፣ ቴክኖን ሠሩ። ሃውስና ቴክኖ ውቅያኖስ ተሻግረው በ1988 በጋ እንግሊዝን አቀጣጠሏት፤ ሬቭ የተባለው ያ ነው። እኔ ሬቭን የነጭ ልጆች ጉድ አድርጌ ነበር የማየው። የጫንኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ነጮች ስለነበሩ ፈረድኩ እንጂ ሥሩን ብቆፍር ኖሮ የማገኘው ሌላ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ራፕና ሃውስ እያደር ተራራቁ። የራፕ ልጆች ሃውስን ለስላሳ ነው ይሉታል፤ የሃውስ ልጆች ደግሞ ራፕን ጉራ። ለንደን ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔው ደጃፍ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። ሃክኒ፣ ዳልስተን ሌን ላይ ፎር ኤስስ የሚባል ክለብ ነበር። በ1966 ከካሪቢያን ለመጡ ስደተኞች የተከፈተ፣ በሌሎች ክለቦች በር ላይ የሚመለሱ ጥቁሮች ሶልና ሬጌ የሚሰሙበት ቤት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያው ቤት ላብሪንዝ የተባለ የሬቭ ቦታ ሆነ። ስንት እሁድ ንጋት በሩ ላይ ሞተሬን አጥፍቼ ደንበኛ ጠብቄያለሁ! አንድ ቀን ገብቼ አላየሁም። ቤቱ በ2007 ፈርሶ ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል።

ሻት አፕ ኤንድ ዳንስ የሚባሉ የሃክኒ ልጆች ነበሩ። ሬቭ ሠሪ ነን አይሉም፤ የምንሠራው ፈጣን ሂፕሆፕ ነው ይላሉ። ሬቨሮቹ ግን ሸክላቸውን እየተሻሙ ወሰዱት። ፕሮዲጂ የሚባለው ቡድን መሥራች ሊያም ሃውሌት ወደ ሬቭ ከመግባቱ በፊት የአንድ ሂፕሆፕ ቡድን ዲጄ ነበር። ጎልዲ የሚባለውም አለ፤ አባቱ ጃማይካዊ፣ እናቱ ስኮትላንዳዊት፣ በማደጎ ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ። መጀመሪያ ብሬክ ዳንሰኛ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ በቀለም የሚሥል የግራፊቲ ልጅ ሆነ። ሬቭ ውስጥ ገብቶ በ1995 "ታይምለስ" የተባለ አልበም አወጣ፤ በ2016 የእንግሊዝ መንግሥት ኤምቢኢ የሚባለውን የክብር ኒሻን ሰጠው። እኔ ያኔ ጎልዲን መንገድ ላይ ባየው ኖሮ የመኪናዬን በር እቆልፍ ነበር።

ሬብል ኤምሲ የሚባለው ራፐር በ1989 ራፕን ከዳንስ ሙዚቃ ጋር ቀላቅሎ ታዋቂ ሆነ። ከዚያ የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀብሎ፣ ኮንጎ ናቲ በሚል ስም ጃንግል የተባለውን ፈጣን ሙዚቃ ይሠራ ጀመር። ልጁ ይህንን ሲነግረኝ የቀደድኩት በራሪ ወረቀት ትዝ አለኝ። አንበሳውንና ሦስቱን ቀለም ያስቀመጡት ሊቀልዱ አልነበረም፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴን አገር እያሰቡ ነው። ባንዲራዬን አከበሩልኝ፤ የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ጃንግል ማለት የሂፕሆፕ ከበሮ በሬቭ ፍጥነት ሲሮጥ ነው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ በእጁ እየመታ አሳየኝ። ራፕ በደቂቃ ብዙውን ጊዜ ዘጠና፣ መቶ ያህል ይመታል። ሃውስ መቶ ሃያ ገደማ። ጃንግል መቶ ስድሳን ያልፋል። ተንኮሉ ያለው ከሥር ነው። ቀኝ እጁ ከበሮውን ሲያስሮጠው፣ ግራ እጁ ዝቅ ያለውን የቤዝ ድምፅ በግማሽ ፍጥነት፣ እንደ ሬጌ ዝግ ብሎ ይመታዋል። ጨፋሪው ከሁለቱ የፈለገውን ይከተላል፤ ወጣቱ ከላይኛው ጋር ይንዘረዘራል፣ የደከመው ከታችኛው ጋር ይወዛወዛል። አያቱ ከጓዳ ብቅ ብላ "ይሄ ጉራግኛ ነው እኮ!" አለች። ጉራግኛ ለጨፈረ ሰው ፍጥነቱ እንግዳ አይደለም፤ እውነቷን ነው።

አንድ ልዩነት ግን ነበራቸው፤ እኔ እንደ ወላጅ ብዙ ያሰብኩበት። ሂፕሆፕ ስም ይወዳል። እኔ እገሌ ነኝ፣ ሰፈሬ ይሄ ነው፣ ስሙኝ ይላል። ሬቭ መብራት ያጠፋል። ማን እንደሚያጫውት አይታይም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጨፍር አይታወቅም፣ ቃል የለውም። ሁለት ዓይነት ልጅ ቤታችን ውስጥ አለ፤ አንዱ እዩኝ የሚል፣ ሌላው ለአንድ ሌሊት እንኳ ማንም አይየኝ የሚል። ልጄ ሁለቱም ነበረች። ጃንግል ጨለማው ውስጥ ማይክሮፎን የያዘ ሰው አቆመ፤ ኤምሲ ይሉታል። ኋላ ከዚያው የምሥራቅ ለንደን ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ዓለም ግራይም የተባለው መጣ፤ ዲዚ ራስካል የሚባል ልጅ በ2003 በመጀመሪያ አልበሙ ከእንግሊዝ ትልልቅ የሙዚቃ ሽልማቶች አንዱን፣ ሜርኩሪን፣ ወሰደ።

ስለ ክኒኑ ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ አልታመንኩም። ኤክስታሲ ይባላል። የሬቭ ልጆች እንዲያ የሚያቅፉኝ አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። የሰውነትን ሙቀት ያንራል። ሰው በታፈነ አዳራሽ ውስጥ ለሰዓታት ሲጨፍር ድካሙም ጥሙም ስለማይሰማው ሰውነቱ ግሎ ሊሞት ይችላል። ይህንን ፈርቶ ውሃ ያለ ልክ የሚጠጣውም ሊሞት ይችላል፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውሃ እንዲያስወጣ ስለማያደርግ የደም ጨው ይወርዳል፣ አንጎል ያብጣል። ክኒኑ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ደግሞ ሻጩም አያውቅ። ስለዚህ ፍርሃቴ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም እፈራለሁ፤ ለልጅ ልጄም አፍ አውጥቼ ነግሬዋለሁ። ጥፋቴ ሌላ ነው። ልጄ ክኒን ወስዳ ታውቅ እንደሆነ፣ ጓደኞቿ ይወስዱ እንደሆነ፣ አንዱ ቢታመም ምን እንደምታደርግ ልጠይቃት የምችለው በዚያ ጠዋት ነበር። እኔ ያን ሰዓት ከካሴት ክር ጋር ስታገል አሳለፍኩት።

መንግሥትም ከእኔ ብዙ አልተሻለም። በሜይ 1992 ካስልሞርተን በሚባል የገጠር ሜዳ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ለቀናት ጨፈረ። አገሩ ተደናገጠ። በ1994፣ እኔ ካሴት በቀደድኩበት ዓመት፣ በሌሊት በሜዳ ላይ የሚደረግ ሬቭን ፖሊስ እንዲበትን የሚያስችል ሕግ ወጣ። ሕጉ ሬቭን ለይቶ ለመያዝ ሙዚቃውን በሚደጋገም ምቱ ነው የገለጸው። ሕግ አርቃቂዎች ተሰብስበው ከበሮን ሲተረጉሙ አስቡት።

አሁን ወደዚያ ሳሎኔን ወደሞላው ከበሮ ልመለስ፤ ልቤን የነካኝ እሱ ነውና።

በ1969 ዘ ዊንስተንስ የሚባል የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ አንድ ሸክላ ቀዳ። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ዘፈን ተወዳጅ ሆኖ ግራሚ አሸነፈ። በጀርባው የተቀመጠው "ኤሜን፣ ብራዘር" የሚባል ያለ ግጥም የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ አሜን ወንድሜ እንደማለት። በመሐሉ ሌሎቹ ሁሉ ያርፉና ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ይመታል። ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ያልቃል። ማንም ልብ አላለውም።

ከአሥር ምናምን ዓመት በኋላ የሂፕሆፕ ልጆች እነዚያን ሰከንዶች አገኟቸው። ኤንደብልዩኤ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ ራፐሮች በ1988 ተጠቀሙበት። ሸክላው ለንደን ሲደርስ ልጆቹ ፍጥነቱን ጨመሩበት፣ እንደ ሥጋ ከተፉት፣ የመጨረሻውን ምት ፊት፣ የፊተኛውን ኋላ አደረጉት፤ ጃንግል ተወለደ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ አለ። ራፐሩም ሬቨሩም፣ እርስ በርሳቸው በማይሰማሙበትም ዘመን፣ የሚጨፍሩት በአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ወይ ለሚለኝ ሰው ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ግሪጎሪ ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም። በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር ነገሩን የሰማው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለመክሰስ ጊዜው አልፎበት ነበር። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ዲጄዎች ሕዝብ እንዲያዋጣ ጠይቀው 24 ሺህ ፓውንድ ያህል ሰብስበው ለስፔንሰር ሰጡት። እሱም በ2020 አረፈ። ለኮልማን የደረሰ የለም።

ልጁ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። "እኔም እየተጠቀምኩበት ነው እኮ" አለኝ። የምለው ጠፋኝ።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ2010 የአሜሪካው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ አብረው ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ ያለው ሙዚቃ የሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ነው። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአያቱ እጅ አማርኛ እየሰማ ያደገው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ "ስታርቦይ"ን በ2016 የሠራው ዳፍት ፓንክ ከሚባሉት ፈረንሳዮች ጋር ነው፤ እነሱም የሃውስና የሬቭ ልጆች ናቸው። የአቤልን አያት አስቤያቸው አውቃለሁ። እሳቸው ካሴት ቀድደው ያውቁ ይሆን?

የቡሄ ዋዜማ ማታ የሰፈራችን ልጆች መጡ። አምስት ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ አራቱ ይቀበላሉ፣ ዱላቸውን በሲሚንቶው ላይ ይመታሉ። ባለቤቴ ሙልሙል ጋግራ ነበር፤ ሰጠቻቸው፣ እኔም ብር ጨመርኩ። የልጅ ልጄ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ቀዳቸው። አውጪው አፉ የሰላ ልጅ ነው፤ በባለቤቴ መነጽር ላይ ሳይቀር ግጥም ፈጠረ። ልጁ በጆሮዬ "ኤምሲው እሱ ነው" አለኝ።

ያን ሌሊት አልተኛም። በነጋታው ያሰማኝ ነገር ውስጥ የዱላው ምት አለ፣ የሩቅ ጅራፍ ጩኸት አለ፣ ከሥር ዝግ ያለው ቤዝ አለ። የኮልማንን ከበሮ አውጥቶታል። በቦታው ዱላውን አስገብቶ አስሮጠው። ለእናቱ ላከላት።

ማታ ደወለች። እንደ ወትሮው ከልጇ ጋር አውርታ ትዘጋለች ስል "አባዬን ስጠኝ" አለችው።

"ሰማሁት" አለችኝ። "ዱላው የማን ነው?"

ስለ ሙዚቃ ጠየቀችኝ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። "የሰፈር ልጆች ናቸው" አልኳት። ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ፤ "ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ" አልኳት። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ትንሽ ዝም ብላ "አሥራ አንዱን ነው የቀደድከው" አለች። "አሥራ ሁለተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይሄ ልጅ ከየት የተማረው ይመስልሃል?"

ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ "የልጆቹን ስም ጠይቃችኋል?" አለችኝ።

አልጠየቅንም። ሙልሙልና ብር ሰጥተን ሸኘናቸው እንጂ ስማቸውን የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ካፊያ ነበር። አንድ ጃንጥላ ይዘን ሁለታችን ሰፈሩን ዞርን። ከአምስቱ ሦስቱን አገኘናቸው፤ የሁለቱን ስም እነሱ ነገሩን። የልጅ ልጄ አምስቱንም ስልኩ ላይ ጻፈ። አንዱን ፊደል ተሳስቶ ኖሮ አውጪው ልጅ አረመው። ከዚያ ማዳመጫውን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ። እኛ ፊቱን እናያለን።

"የእኛ ነው?" አለ።

"የእናንተ ነው" አለው የልጅ ልጄ።

"ፈጠነ እኮ" አለ ልጁ፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቀም።